ዕጣ የወጣላቸው ትምህርት ቤቶች፦ የቡሲያ የምርምር ታሪክ

ቡሲያ በምዕራብ ኬንያ ከኡጋንዳ ጋር የምትዋሰን፣ ደቡባዊ ጫፏ ቪክቶሪያ ሐይቅን የሚነካ ወረዳ ናት። ሉህያ፣ ቴሶና ሉኦ የሆኑት ነዋሪዎቿ በአብዛኛው በቆሎና ካሳቫ ከሚዘሩባቸው ጠባብ ማሳዎች ይኖራሉ። የጭነት መኪኖች ወደ ኡጋንዳ ለመሻገር ከሚሰለፉባት የድንበር ከተማዋ በቀር በውጭ የምትታወቅበት ነገር አልነበራትም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የድሃ አገር ልጅ ለምን ከትምህርት ገበታ እንደሚቀር፣ ቢመጣም ለምን ሳይማር እንደሚወጣ የሚጠይቁ ኢኮኖሚስቶች ሲመላለሱባት ኖረዋል። የ2019 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ለአቢጂት ባነርጂ፣ ለኤስተር ዱፍሎና ለማይክል ክሬመር ሲሰጥ፣ ሸላሚው አካዳሚ ከምክንያቶቹ አንዱ ያደረገው በምዕራብ ኬንያ ትምህርት ቤቶች የተካሄዱትን ሙከራዎች ነው።

ትምህርትና ጤና የኢኮኖሚስት ጉዳይ የሆኑት ከዚያ በፊት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቴዎዶር ሹልትዝና ጋሪ ቤከር የሰው ዕውቀትና ጤንነት እንደ መንገድና እንደ ማሽን ሁሉ ገንዘብ ፈሶበት ትርፍ የሚያስገኝ ሀብት መሆኑን አስረድተው ነበር። አስቸጋሪው ነገር ከወጪዎቹ የትኛው እንደሚሠራ መለካት ነበር። በተለመደው ዘዴ መጽሐፍ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ከሌላቸው ጋር ይነጻጸራሉ። መጽሐፍ ያለው ትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ለከተማ የቀረበ፣ የወላጆቹ ገቢ የተሻለ፣ ርዕሰ መምህሩም የነቃ ነው፤ ተማሪዎቹ ብልጫ ቢያሳዩ ምስጋናው ለመጽሐፉ ይሁን ለወላጁ ከአኃዙ መለየት አይቻልም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኒካራጓ ውስጥ የመማሪያ ክፍሎችን በዕጣ ለይቶ የሬዲዮ ሒሳብ ትምህርትንና የመማሪያ መጽሐፍን የፈተነ ጥናት ነበረ። በጊዜው ብዙ ተከታይ አላገኘም።

ምርምሩ ቡሲያ የገባው በትውውቅ ነው። ክሬመር ከዩኒቨርሲቲ እንደወጡ በአቅራቢያው ባለችው ካካሜጋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምረዋል። ኢኮኖሚስት ከሆኑ በኋላ ለጉብኝት ሲመለሱ፣ የሚያውቁት ሰው አይ ሲ ኤስ በተባለ የሆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሰባት ትምህርት ቤቶችን ለመርዳት እየተዘጋጀ ነበር። ክሬመርም በሰባት ፈንታ 14 ይመረጡ፣ የትኞቹ ሰባት እንደሚረዱ ዕጣ ይለይ፣ የሁለቱም ወገን ተማሪዎች ውጤት ይመዝገብ አሉ። ሐሳቡ የተቀባይነት ችግር ያላጋጠመው ድርጅቱ ሁሉንም በአንዴ የመርዳት አቅም ስላልነበረው ነው። ኋላ ላይ በብዙዎቹ ሙከራዎች አሠራሩ ዕቁብ መሰል ሆነ፦ ተራው ለሁሉም ይደርሳል፣ ማን እንደሚቀድም ግን ዕጣው ይወስናል፤ ተራቸው ያልደረሰውም እስኪደርሳቸው ድረስ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። የገንዘብ እጥረት የምርምር ዘዴ ሆነ ቢባል ማጋነን አይደለም።

የመጀመሪያው ሙከራ የደንብ ልብስ፣ መጽሐፍና የመማሪያ ክፍል ግንባታ የያዘ ነበር። በዚያን ጊዜ የኬንያ ወላጅ ይህን ሁሉ ከነትምህርት ቤት ክፍያው ከኪሱ ይሸፍን ነበር፤ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ክፍያ የተነሣው በ2003 ነው። ወጪው ሲነሣላቸው ትምህርት የሚያቋርጡ ልጆች ቀነሱ፣ ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች የሚዛወሩትም ጎረፉ፣ ክፍሎቹ ተጨናነቁ። የፈተና ውጤት ግን ባለበት ቆመ።

የሚቀጥለው ሙከራ መጽሐፍን ብቻ ለይቶ ያየ ነው። 100 ትምህርት ቤቶች ተመርጠው በአራት ቡድን ተከፈሉና የመጀመሪያዎቹ 25 በ1996 የመማሪያ መጻሕፍት ተሰጣቸው። መጽሐፍ ለድሃ ትምህርት ቤት ከሚወጡ ወጪዎች ሁሉ የሚታመንበት ነበር፤ አራት ልጆች አንድ መጽሐፍ ከበው የሚያነቡበትን ክፍል ያየ ሰው ጥናት የሚያስፈልገው አይመስለውም። ፖል ግሊው፣ ክሬመርና ሲልቪ ሙላን ውጤቱን ሲመረምሩ ግን የመጽሐፍ ተቀባዮቹ አማካይ ነጥብ ከሌሎቹ አልተለየም። የተጠቀሙት ቀድሞውኑ ጎበዝ የነበሩት ብቻ ናቸው። ለምን ቢባል፣ መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ የቡሲያ ልጅ ቤቱ የሚናገረው ሉህያ ወይም ቴሶ ነው፣ ሁለተኛ ቋንቋው ስዋሒሊ ነው፣ እንግሊዝኛ በሦስተኛ ደረጃ ይመጣል። ብዙዎቹ መጽሐፉን ይዘው ማንበብ አልቻሉም።

ጥናቱ የታተመው ዘግይቶ በ2009 ነው፤ ዝናውም ቀጥሎ ከሚመጣው የሆድ ትል ሕክምና ጥናት ዝና አይደርስም። ለትምህርት ታሪክ ግን ከሁለቱ የሚከብደው ይኸኛው ነው። ሥርዓተ ትምህርቱ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ የተቀረጸው ወደ ሁለተኛ ደረጃ ለሚያልፉት ጥቂቶች ነበር፤ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ይሰጥ በነበረው አገር አቀፍ ፈተና የሚበልጡትን ለይቶ ማውጣት የትምህርት ቤቱ ዋና ሥራ ተደርጎ ኖሯል። ትምህርት ለሁሉም ሲዳረስ የክፍሉ ልጆች ተለወጡ፣ መጽሐፉ ግን አልተለወጠም። እጥረቱ የመጽሐፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ በገንዘብ በተፈታ ነበር።

ስለ ዘዴው ይበልጥ ያሳመነው የግድግዳ ሥዕላዊ ሠንጠረዦች ታሪክ ነው። ሠንጠረዡ ሳይንስን፣ ሒሳብንና ጂኦግራፊን በሥዕል የሚያሳይ፣ ማንበብ የማይችለውንም ልጅ ይረዳል የተባለለት ነበር። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ በቀድሞው ዘዴ፣ በራሳቸው ጊዜ ሠንጠረዥ ያገኙትን ትምህርት ቤቶች ካላገኙት ጋር አነጻጸሩ፤ ባለ ሠንጠረዦቹ በግልጽ በለጡ። ከዚያ 178 ትምህርት ቤቶች ተወስደው ለ89ኙ በዕጣ ተሰጠ፤ ልዩነት የሚባል ነገር አልታየም። በዚያው አካባቢ ስለ አንድ ዕቃ ሁለቱ ዘዴዎች ሁለት ተቃራኒ መልስ ሰጡ ማለት ነው። ለመምህራን በተማሪዎቻቸው ውጤት መሠረት ሽልማት የመስጠቱ ሙከራም ተስፋ እንደተጣለበት አልሆነም፤ መምህራኑ ከሥራ መቅረታቸውን አልተዉም፣ የፈተና ማዘጋጃ ክፍለ ጊዜ ግን አበዙ። ነጥቡም ሽልማቱ እንዳበቃ ተመልሶ ወረደ።

በ1998 በፉንዩላና በቡዳላንጊ የተጀመረው ሥራ ከክፍል ወጥቶ ወደ ልጆቹ ሆድ ገባ። ሁለቱ አካባቢዎች ለሐይቁ የቀረቡ ናቸው። በተደረገው ምርመራ 92 በመቶው ተማሪ ከመንጠቆ ትል፣ ከወስፋት፣ ጅራፍ ከሚመስለው ትልና ከቢልሃርዝያ ቢያንስ አንዱ ተገኝቶበታል፤ መካከለኛ ወይም ከባድ ሕመም የሚያመጣ ብዛት የተገኘባቸው 37 በመቶ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ሜዳ ላይ ከመጸዳዳት በአፈር በኩል፣ ቢልሃርዝያ ደግሞ ቀንድ አውጣ ከሚኖርበት ውኃ ይተላለፋሉ። የበሽታውን ዑደት ከቀንድ አውጣው በኩል መቁረጥ ይቻላል ብለው የደከሙት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት አክሊሉ ለማ ናቸው፤ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተዋል። ቡሲያ ላይ የተመረጠው ግን ትሉን ልጁ ሆድ ውስጥ መግደል ነበር፦ ለአፈር ወለዶቹ ትሎች አልቤንዳዞል በየስድስት ወሩ፣ ቢልሃርዝያ ለበረታባቸው ትምህርት ቤቶች ፕራዚኳንቴል በዓመት አንዴ።

ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። በ1909 የተቋቋመው የሮክፌለር ኮሚሽን በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል መንጠቆ ትልን ሲዘምትበት ከትምህርት ዕድሜ ልጆች 40 በመቶ ያህሉ በበሽታው ተይዘው ነበር። ሆይት ብሌክሊ በ2007 ባሳተሙት ጥናት ዘመቻው በደረሰባቸው አካባቢዎች የልጆች ትምህርት ቤት ገበታ ላይ መገኘትና ንባብ መጨመሩን አሳይተዋል።

ኤድዋርድ ሚጌልና ክሬመር ያመጡት አዲስ ነገር የንጽጽሩን መስመር ማዛወር ነበር። የቀደሙት የሕክምና ሙከራዎች በአንድ ክፍል ውስጥ ለአንዱ ልጅ መድኃኒት፣ ለጎኑ ደግሞ ምንም የማያደርግ እንክብል ይሰጡ ነበር። የታከመው ልጅ ግን ሜዳውን መበከሉን ያቆማል፤ ያልታከመው ጓደኛውም በእርሱ ሰበብ ይድናል፤ ሁለቱ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ስለዚህ የቡሲያው ጥናት ልጅን ከልጅ ትቶ ትምህርት ቤትን ከትምህርት ቤት አነጻጸረ። ከ30,000 በላይ ተማሪ ያላቸው 75 ትምህርት ቤቶች በፊደል ተራ ተዘርዝረው እያንዳንዱ ሦስተኛ ትምህርት ቤት ወደ አንድ ቡድን እየገባ በሦስት ተከፈሉ። የመጀመሪያው ቡድን በ1998፣ ሁለተኛው በ1999፣ ሦስተኛው በ2001 መድኃኒቱን ማግኘት ጀመረ። (በፊደል ተራ መክፈል ከእውነተኛ ዕጣ ጋር አንድ አይደለም የሚለው ነቀፌታ ኋላ ላይ ተነሥቷል፤ ነቀፌታው መሠረት የለውም አይባልም።)

የመስኩ ሥራ ከወረቀቱ የከበደ ነበር። የመምህሩ የስም መጥሪያ ስለማይታመን ሠራተኞች ሳይታሰቡ ትምህርት ቤት ደርሰው በክፍል የተገኘውን ልጅ በስም ይመዘግባሉ። በ1998 የኤል ኒኞ ጎርፍ አካባቢውን አጥለቅልቆ በሽታውን አባባሰ። መድኃኒቱ ጽንስ ይጎዳል በሚል ስጋት ዕድሜያቸው 13 የሞላ ልጃገረዶች እንዳይወስዱት ተወሰነ። መጀመሪያ የማኅበረሰቡ ስምምነት ይበቃ የነበረው ከ1999 ጀምሮ የእያንዳንዱ ወላጅ ፊርማ አስፈለገው። የሕዝቡ አመኔታም የሚናወጥ ነበር። በ2001 በአጎራባቹ ቴሶ አንድ ትምህርት ቤት ላይ መብረቅ ወድቆ ተማሪዎች ሲሞቱ፣ አይ ሲ ኤስ በዚያ ትምህርት ቤት ሥራ ስለነበረው አንዳንድ ነዋሪዎች አደጋውን ከድርጅቱ ጋር አያያዙት፤ በዚያው ወቅት ለልጃገረዶች ይሰጥ ከነበረው የስኮላርሺፕ ሙከራም አንዳንድ የቴሶ ትምህርት ቤቶች ወጡ። በቡሲያ ግን ያ ስኮላርሺፕ ከሁሉ የሰመረ ሆነ፤ ሽልማቱን የማግኘት ተስፋ ያልነበራቸው ልጃገረዶች፣ ጨርሶ የማይመለከታቸው ወንዶች ልጆች ሳይቀሩ ነጥባቸው ከፍ አለ።

የትሉ ጥናት ውጤት በ2004 ኢኮኖሜትሪካ በተባለው መጽሔት ወጣ። በታከሙት ትምህርት ቤቶች የሚቀሩ ተማሪዎች ቁጥር ቢያንስ በሩብ ቀንሷል። መድኃኒቱን ያልወሰዱ የዚያው ትምህርት ቤት ልጆችና በአቅራቢያው ያሉ ትምህርት ቤቶችም ተጠቅመዋል። አንድ ልጅ አንድ ተጨማሪ ዓመት ትምህርት ቤት እንዲውል ለማድረግ የሚያስፈልገው ወጪ 3.50 ዶላር ያህል ተሰላ፤ በዋጋ ከደንብ ልብስም ሆነ ከሌሎቹ ከተሞከሩት መንገዶች የሚጠጋው አልነበረም። የፈተና ነጥብ ግን እዚህም አልጨመረም። ብዙ ቀን ትምህርት ቤት መዋል ብቻውን ብዙ ማወቅ አለመሆኑን የመጀመሪያው የደንብ ልብስ ሙከራ ቀድሞ ጠቁሞ ነበር።

ከዚያ የተከተለው ጥያቄ ማን ይክፈል የሚል ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶች እምነት ትንሽም ቢሆን የከፈለ ሰው የከፈለበትን ነገር ያከብራል፣ ፕሮጀክቱም ያለ ረጂ ይቆማል የሚል ነበር። በ2001 ቀድመው መድኃኒት ካገኙት 50 ትምህርት ቤቶች በ25ቱ ወላጆች በአማካይ በአንድ ልጅ 30 ሳንቲም ዶላር ገደማ እንዲከፍሉ ተደረገ። በነጻ በሚሰጥበት 75 በመቶው ልጅ ሲወስድ፣ በሚከፈልበት 18 በመቶው ብቻ ወሰደ። ይባስ ብሎ፣ ልጆቻቸው ቀድመው የታከሙላቸው ወዳጆች ያሏቸው ወላጆች መድኃኒቱን ለልጃቸው የማስወሰድ ፍላጎታቸው ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ከራሱ ከጥናቱ አንጻር ግን ይህ እንግዳ አይደለም፦ የመድኃኒቱ ጥቅም አብዛኛው ለጎረቤት የሚደርስ ስለሆነ ከፋዩ ወላጅ የሚያየው ድርሻ ትንሽ ነው። እግርን በጫማ መሸፈንና እጅን መታጠብ በትምህርት ቤት ቢሰበክም የልጆቹ ልማድ አልተለወጠም። ጄሲካ ኮኸንና ፓስካሊን ዱፓስ በምዕራብ ኬንያ ለነፍሰ ጡሮች በሚሰጥ የአልጋ አጎበር ላይ ባደረጉት ሙከራም ትንሽ ክፍያ ብዙዎችን አስቀርቷል፤ በነጻ የወሰዱትም አጎበሩን ከገዙት ባላነሰ ሁኔታ ተጠቅመውበታል። የምንጭ ውኃ በሲሚንቶ ሲከለል የሕፃናት ተቅማጥ በሩብ ያህል ቢቀንስም ቤተሰቦች ለዚያ የሚከፍሉት እጅግ ጥቂት ሆነ፤ ክሎሪኑን ሰው ውኃ በሚቀዳበት ሥፍራ በነጻ ማስቀመጥ የተሻለ ሠራ። በድሃ አገር የጤና አገልግሎት ላይ ክፍያ ይጣል አይጣል በሚለው ረጅም ክርክር ውስጥ ነጻውን ወገን ያጠነከሩት በአብዛኛው ከዚሁ አካባቢ የወጡ አኃዞች ናቸው።

በምዕራብ ኬንያ የሠራው ሁሉ ከዚያ ሲወጣ አልሠራም። በ2005 በ140 ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ የኮንትራት መምህራን ተቀጥረው ነበር፤ ደመወዛቸው ከመንግሥት መምህር ሩብ ገደማ ሲሆን ተማሪዎቻቸው ግን በፈተና በለጡ። የኬንያ መንግሥት አሠራሩን ለአገሪቱ ሊያዳርስ ሲነሣ በስምንቱም ክፍላተ ሀገር በ192 ትምህርት ቤቶች ሌላ ሙከራ ተደረገ። መምህራኑን በጎ አድራጎት ድርጅት ባስተዳደረበት ውጤቱ ተደገመ፤ ሚኒስቴሩ ባስተዳደረበት ምንም አልተገኘም። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሰጪው ሲለወጥ ፈውሱ ይለወጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከመስኩ አልጠፋም።

በ2003 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጄ-ፓል የተባለው የምርምር ማዕከል ተቋቋመ፤ የቡሲያውን ዘዴ ወደ ሕንድ፣ ወደ ኢንዶኔዥያና ወደ ላቲን አሜሪካ ካሰራጩት ዋነኛው እርሱ ነው። ኬንያ በ2009 ከ3 ሚሊዮን በላይ ልጆችን አከመች፤ ሕንድ በ2015 ብሔራዊ የትል ማጥፊያ ቀን አወጀች፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያም መድኃኒቱ በትምህርት ቤቶች በኩል የሚሰጥበትን አገር አቀፍ መርሐ ግብር ጀመረች።

ጥርጣሬው የበረታውም በ2015 ነው። ሚጌልና ክሬመር መረጃቸውን ለመመርመር ለጠየቁት ሰጥተው ስለነበር የለንደን የንጽሕና ጥበቃና የሐሩር አካባቢ ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ስሌቱን ከመነሻው ደገሙት። በሩቅ ላሉ ትምህርት ቤቶች ይደርሳል የተባለው ጥቅም የተሰላው በስሕተት ኮድ መሆኑ ተገኘ፤ ስሕተቱ ሲታረም ጥቅሙ በእጅጉ አነሰ። የገበታ ላይ መገኘቱ ውጤት በዋናው ስሌት ቢጸናም ሁለቱ ዓመታት ለየብቻ ሲታዩ ይዳከማል አሉ። የሕክምና ሙከራዎችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማም በጅምላ የሚሰጥ የትል መድኃኒት የልጆችን ክብደት፣ የደም መጠንም ሆነ የትምህርት ውጤት በአማካይ ብዙ እንደማያሻሽል ደመደመ። ክርክሩ በጋዜጣ ሳይቀር ተካሄደ። ከስሌቱ በታች ያለው የሁለት ሙያዎች ልማድ ነው። ሐኪሞቹ ዓላማውን አስቀድሞ ያልጻፈና ማን ምን እንደወሰደ ከሠራተኞቹ ያልደበቀ ሙከራን በጥርጣሬ ያያሉ፤ ኢኮኖሚስቶቹ ደግሞ የጎረቤትን ጥቅም የማይቆጥር ሙከራ ከጅምሩ ትክክለኛውን ነገር አይለካም ይላሉ። ኢኮኖሚስቱ አንገስ ዲተን ከዚያ ቀደም ብለው ያነሡት ነቀፌታ ሁለቱንም ይነካል፦ በአንድ ሥፍራ በዕጣ የተገኘ መልስ ምክንያቱ ካልታወቀ ወደ ሌላ ሥፍራ አይሻገርም። 92 በመቶው ልጅ ትል ባለበት የሐይቅ ዳር የተገኘ ውጤት ትል በማይበዛበት ደጋ ይደገማል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ሊያስረዳ ይገባዋል።

ተመራማሪዎቹ ግን ልጆቹን መከተል አልተዉም። ከ2003 ጀምሮ ከ75ቱ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ 7,500 ገደማ ተማሪዎች ናይሮቢም ሆነ ኡጋንዳ ቢሄዱ በያሉበት እየተፈለጉ ይጠየቃሉ። በ2016 የወጣው ውጤት ቀድመው የታከሙት ሴቶች ሁለተኛ ደረጃ የመግባት ዕድላቸው በሩብ እንደጨመረ፣ ወንዶቹም በሳምንት 17 በመቶ የሚበልጥ ሰዓት እንደሚሠሩ አሳየ። በ2021 የታተመው የ20 ዓመት ክትትል ደግሞ በልጅነታቸው ሁለትና ሦስት ዓመት ቀድመው መድኃኒቱን ያገኙት ሰዎች የሰዓት ገቢ በ13 በመቶ፣ የፍጆታ ወጪ በ14 በመቶ እንደሚበልጥ አወጣ። ተጠራጣሪዎቹ ከትንሽ የጤና ለውጥ ይህን ያህል ገቢ እንዴት ሊወለድ ቻለ እያሉ ይጠይቃሉ። ጥናቱ አሁን የቀድሞዎቹን ተማሪዎች ልጆች መመዝገብ ይዟል፤ በ2023 ይፋ በሆነው ሥራ ቀድመው የታከሙት ሰዎች ከሚወልዷቸው ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከማነጻጸሪያው በ22 በመቶ እንደሚያንሱ ተጽፏል።